ሰልፍ ላይ ቆሞ የእንግሊዝኛ ግስ ማርባት

የማስጠናው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁ ትልልቆች ይመጣሉ። «ቴንስ» (የግስ ጊዜ) ሲባል የሁሉም ፊት ይጨልማል። የአሥራ ሁለቱን ስም እንደ ውዳሴ ማርያም ይወጡታል፤ «እስቲ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ» ስትላቸው ግን ዝም።

እኔ ሠንጠረዡን አስቀድሜ አላወጣም። አንድ ግስ ይዤ እነሳለሁ። ለኛ ሰፈር ሰው ደግሞ ከ«ዌይት» የተሻለ ግስ የለም። ጠዋት ጠዋት ወደ መገናኛ የሚሄድ ሃይገር አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ስለመጠበቅ ምን ይነገረዋል?

መልኩ አራት ብቻ ነው፦ ዌይት፣ ዌይትስ፣ ዌይቲድ፣ ዌይቲንግ። አለቀ። እጠብቃለሁ፣ ትጠብቃለህ፣ ትጠብቂያለሽ፣ ይጠብቃል እያልን ላደግን ሰዎች ይሄ ምንም አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። የኛ ግስ ባለቤቱን ራሱ ውስጥ ይዟል፤ የእነሱ አልያዘም። ስለዚህ አይ፣ ዩ፣ ሂ፣ ሺ፣ ኢት፣ ዊ፣ ዘይ ከሚሉት አንዱ ወይም ስም ከፊቱ መኖር አለበት። «ዌይቲድ» ብቻ ብሎ ማቆም የለም። ማን ነው የጠበቀው?

በየቀኑ ለሚሆን ነገር፦ «አይ ዌይት ፎር ዘ ባስ ኤቭሪ ሞርኒንግ።» ባለቤቱ ሂ፣ ሺ ወይም ኢት ሲሆን መጨረሻው ላይ ኤስ ይጨመራል፦ «ማይ ማዘር ዌይትስ።» ልጆች ከሁሉም በላይ የሚረሱት ይህችን ኤስ ነው። «ፎር»ም አትጣል፤ «ዌይት ዘ ባስ» አይባልም።

ሰልፉ ላይ ቆመህ ስልክ ተደወለ። «የት ደረስክ?» አሁን እየሆነ ስለሆነ «አይ አም ዌይቲንግ» ነው። «አም»ን ውጦ «አይ ዌይቲንግ» ማለት የተለመደ ነው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ያስገምታል። ትናንት ከሆነ «አይ ዌይቲድ»፤ እዚህ ላይ ለሁሉም ባለቤት አንድ ነው፣ ኤስ የለ ምን የለ። ስትደውልልኝ እየጠበቅኩ ነበር ለማለት «አይ ወዝ ዌይቲንግ ዌን ዩ ኮልድ።» ነገ ጎሮ እጠብቅሃለሁ ለማለት ደግሞ «አይ ዊል ዌይት ፎር ዩ አት ጎሮ ቱሞሮው።» አማርኛው ለየቀኑም ለነገም «እጠብቃለሁ» ስለሚል «ዊል» ትረሳለች።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። «ከአንድ ሰዓት ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው» የሚለውን ተርጉሙ ስል ሁሌ የሚመጣልኝ «አይ አም ዌይቲንግ ሲንስ ዋን ኦክሎክ» ነው። ሁለት ቦታ ተበላሽቷል። ቀደም ብሎ ጀምሮ እስካሁን ያላባራ ነገር «አም» አይበቃውም፣ «ሃቭ ቢን» ይፈልጋል። ሰዓቱም የኛ ሰዓት ነው፤ የጠዋቱ አንድ ሰዓት በእነሱ ሰቨን ነው። ትክክለኛው «አይ ሃቭ ቢን ዌይቲንግ ሲንስ ሰቨን ኦክሎክ።» ከመቼ ጀምሮ ከሆነ «ሲንስ»፣ ለምን ያህል ጊዜ ከሆነ «ፎር»። ስለዚህ የቆየኸውን ልክ ስትናገር «ፎር አን አወር» ትላለህ።

ሃይገሩ መጣ እንበል። ተጋፍተህ ገባህ፣ ወንበርም አገኘህ። ያው የአንድ ሰዓት ጥበቃ ነው፤ ግሱ ግን ተቀየረ። ጥበቃው ስላበቃ «አይ ዌይቲድ ፎር አን አወር» ብለህ ለጎንህ ሰው ታማርራለህ። ቢሮ ደርሰህ ለአለቃህ ስትተርክ ደግሞ ወደኋላ አንድ እርምጃ ይጨመራል፦ «አይ ሃድ ቢን ዌይቲንግ ፎር አን አወር ዌን ዘ ባስ አራይቭድ።» አውቶቡሱ የመጣው ትናንት ወይም ጠዋት ነው፤ ጥበቃው ከዚያም ይቀድማል። ለዚያ ነው «ሃድ» የገባው።

«ሃቭ» ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። እኛ «ትናንት ደውዬልሃለሁ» እንላለን፣ ማንም አይታዘበንም። እንግሊዝኛው ግን ያለቀ ቀን ከጠራህ «ሃቭ»ን አይቀበልም። «አይ ኮልድ ዩ የስተርዴይ» ነው። ቀኑን ሳትጠራ ከሆነ «አይ ሃቭ ኮልድ ዩ» ይሄዳል።

«ዊል ሃቭ ዌይቲድ» የሚባልም አለ። ከፈተና ወረቀት ውጪ እምብዛም አይገጥምህም፤ ለጊዜው እለፈው።

ጥያቄና አሉታ ላይ ረዳት ግስ ይገባል፦ ዱ፣ ደዝ፣ ዲድ። ልክ እንደ ታክሲ ነው፤ ረዳቱ ሂሳብ ከተቀበለ ሾፌሩ ድጋሚ አይጠይቅህም። «ዲድ» ያለፈ ጊዜን ከያዘ ግሱ ባዶውን ይቀመጣል፦ «አይ ዲድ ኖት ዌይት።» «ዲድ ኖት ዌይቲድ» ካልክ ሁለቴ ከፈልክ። «ደዝ ሺ ዌይት?» ላይም ኤሷን «ደዝ» ወስዷታል።

ላለፈ ጊዜ ግሱ መጨረሻ ላይ የሚጨመረው የኢ-ዲ (ed) ድምፅ ሦስት ዓይነት ነው። ግሱ በት ወይም በድ ድምፅ ካለቀ «ኢድ» ይባላል፦ ዌይቲድ፣ ዎንቲድ፣ ኒዲድ። በክ፣ በፕ፣ በሽ፣ በች፣ በስ ወይም በፍ ካለቀ «ት» ነው፦ ወርክት፣ ስቶፕት፣ ዎሽት። በቀረው «ድ»፦ ኮልድ፣ ሊቭድ፣ ፕሌይድ። «ወርክድ» ብለህ ድን ረግጠህ ከተናገርክ ጆሮ ይጎረብጣል፤ ጮክ ብለህ ተለማመድ፣ ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ምን ይለኛል አትበል።

አጻጻፉ ላይ ደግሞ ስቶፕ ኢ-ዲ ሲጨመርለት ፒው ይደገማል። ስተዲ ዋዩን በአይ ይለውጣል። ፕሌይ ከዋዩ በፊት አናባቢ ስላለው አይነካም። ጎ እና ካም ከዚህ ሕግ ውጪ ናቸው፤ ለእነሱና ለመሰሎቻቸው ሌላ ደብተር ያዝ።