የትሎች ሙቀት ቻይነት የሚወረስ ነው ወይስ የሚለመድ? በጎንደር አካባቢ ጥያቄውን በሙከራ የመመለሻ መንገድ

ከደባርቅ ደጋ የተቆፈረ የመሬት ትልና ከደምቢያ ሜዳ የተቆፈረ የመሬት ትል ሙቀትን እኩል ላይችሉ ይችላሉ። ልዩነት ቢታይ ግን ምንጩ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ አንደኛው እያንዳንዱ ትል በዕድሜው ከኖረበት አፈር ጋር መላመዱ ሲሆን፣ ሌላው በብዙ ትውልዶች የተፈጥሮ ምርጫ በዘሩ ውስጥ የጸና ልዩነት መኖሩ ነው። የመጀመሪያው ትሉ ወደ ሌላ ሙቀት ሲዛወር ይለወጣል፤ ሁለተኛው ወደ ልጆቹ ይተላለፋል። በጎንደርና በዙሪያዋ የሚገኙ የሥነ ሕይወት ተማሪዎችና መምህራን ብዙ ወጪ በማይጠይቅ ሙከራ ሁለቱን እንዴት መለየት እንደሚችሉ ከዚህ በታች ቀርቧል።

ጥያቄው በስፋት የተጠናው በባሕር ትሎች ላይ ስለሆነ፣ ባልዲና ቴርሞሜትር ከማዘጋጀት በፊት ከእነርሱ የተገኘውን ትምህርት መያዝ ይጠቅማል። በምሥራቃዊው ሰላማዊ ውቅያኖስ 2,500 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ፣ ፍል ውሃ በሚተፉ የማዕድን ማማዎች ግድግዳ ላይ የሚኖር አልቪኔላ ፖምፔያና የሚባል ትል አለ። ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ለሳይንስ አስተዋወቁት። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ ጥናት ትሉ በሚኖርባቸው ቱቦዎች ግርጌ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚበልጥ ሙቀት በመለካቱ፣ ከእንስሳት ሁሉ ሙቀት ቻይ ነው ተብሎ በሰፊው ተነገረለት። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት ትሉ የጥልቁን ባሕር ግፊት ጠብቆ በሚያቆይ ዕቃ ውስጥ ሲፈተን ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ያለውን ሙቀት ሊቋቋም አልቻለም። የቱቦው ሙቀትና የትሉ የሰውነት ሙቀት አንድ አልነበሩም ማለት ነው። በዚህ መስክ ከሚፈጸሙ ስሕተቶች እጅግ አሳሳች የምለው ይህን ነው፤ የሙከራው አካሄድ ሁሉ ከእርሱ እንዲጠብቀን ሆኖ መታቀድ አለበት።

ይኸው ትል የዘረመል ልዩነትን በተመለከተም ጠንካራ ማስረጃ ሰጥቷል። ፎስፎግሉኮሙታዝ የተባለው ኢንዛይም በዚህ ትል ውስጥ በተለያዩ የጂን ዓይነቶች የሚሠራ ሲሆን፣ ከእነርሱ አንዱ ሙቀትን ይበልጥ የሚቋቋም ኢንዛይም ያስገኛል። ያ የጂን ዓይነት በሞቃታማዎቹ ማማዎች ላይ በሚኖሩ ትሎች ዘንድ በብዛት ይገኛል። የጂኑ ስርጭት ከቦታው ሙቀት ጋር መሄዱና ኢንዛይሙ ለብቻው ተፈትኖ ሙቀትን መቋቋሙ ተደምረው ነው ድምዳሜውን የሚያሳምን የሚያደርጉት። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢገኝ ኖሮ ጥርጣሬው ባልተወገደ ነበር። ይህን ትል ከውቅያኖስ ወለል አውጥቶ በየትውልዱ ማራባት ባለመቻሉ ተመራማሪዎቹ በጂንና በኢንዛይም ላይ ለመመርኮዝ ተገደዋል፤ እኛ ግን የመሬት ትልን በጓሯችን ማራባት እንችላለን። የመሬት ትልም እንደ ባሕሩ ትል ከቀለበታማ ትሎች ወገን ነው።

ቦታ ሲመርጡ ከፍታን ይጠቀሙ። የጣና ሐይቅ ዳርቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ሲሆን ደባርቅ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ፣ በሁለቱ መካከል ለሙከራ የሚበቃ የሙቀት ልዩነት ይኖራል። ነገር ግን የአየሩን ሙቀት መዝግቦ መርካት የአልቪኔላን ታሪክ መድገም ነው። ትሉ በሚገኝበት ጥልቀት፣ ለምሳሌ በ10 እና በ30 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ንጋት ላይና ከቀትር በኋላ የአፈሩን ሙቀት ይለኩ። የደምቢያ መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ትሎቹም ወደ ጥልቅ ስለሚወርዱ ከላይ የሚለካው ሙቀት የእነርሱን ኑሮ አያሳይም። ስለዚህ መሰብሰቢያው ጊዜ ክረምት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ይመረጣሉ። ከመቆፈርዎ በፊት የማሳውን ባለቤት ያስፈቅዱ፤ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ደግሞ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ አይቆፍሩ።

ከሁለቱም ቦታ የሚሰበሰቡት ትሎች አንድ ዝርያ መሆናቸው መረጋገጥ አለበት። የመሬት ትሎች መልካቸው ተመሳስሎ ዝርያቸው ሊለያይ ስለሚችል፣ ከተቻለ ከጥቂቶቹ ናሙና ወስዶ በዲኤንኤ ማስለየት የተሻለ ነው። ካልተቻለ የሰውነት ቀለበቶቻቸውን ቁጥርና፣ በጎልማሳ ትል ላይ እንደ መቀነት ተጠምጥሞ የሚታየው ወፍራም ክፍል በስንተኛው ቀለበት ላይ እንደሚጀምርና እንደሚያበቃ በማጉያ መነጽር ይቁጠሩ። ይህ አድካሚ ሥራ ነው። ቢዘለል ግን በሁለት ዝርያዎች መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ዝርያ ውስጥ እንደተፈጠረ መላመድ አድርጎ ወደመዘገብ ያደርሳል።

ለማርቢያ ክዳናቸውና ግርጌያቸው የተበሳ ባልዲዎች ይበቃሉ። ምግባቸው የቆየ የከብት እበት ይሁን፤ ትኩስ እበት ሲብላላ ይሞቃል፣ አሞኒያም ስለሚያወጣ ትሎቹን ይገድላል። እርጥበቱ ልክ የሚሆነው አንድ እፍኝ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ ብቻ ሲወጣው ነው። ለልምምድ ለኮምፖስት የሚረባውን ቀይ ትል መጠቀም ይቻላል፤ የእንቁላል ከረጢቱ በምቹ ሙቀት በ3 ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። ከረጢቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን ጫፎቹ ሾል ያሉ ናቸው፤ መጀመሪያ ፈዛዛ ቢጫ ይሆንና መፈልፈያው ሲቃረብ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። በመስክ የሚገኙት ዝርያዎች ለመጎልመስ ከዚህ ይበልጥ ጊዜ ሊወስዱ ስለሚችሉ ዕቅዱ ይህን ያገናዘበ ይሁን።

የሙከራው እምብርት እዚህ ላይ ነው። ከመስክ የመጡትን ትሎች በቀጥታ አይፈትኑ። ሁለት ሁለት አድርገው ለየብቻ በማቆየት ቤተሰብ ይመሥርቱ፤ የመሬት ትል ወንዴና ሴቴ አካልን አጣምሮ የያዘ በመሆኑ ሁለቱም ከረጢት ይጥላሉ። ሆኖም ትሎች ቀድሞ የተቀበሉትን የዘር ፈሳሽ ስለሚያቆዩ፣ ከመስክ የመጡት የሚጥሏቸውን ከረጢቶች አባት በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ከእነዚህ ከረጢቶች የሚፈለፈሉት፣ ከመጎልመሳቸው በፊት ለየብቻ ተለይተው ሁሉም በአንድ ዓይነት ሙቀት፣ ለምሳሌ በ20 ዲግሪ፣ ያድጉ። እነርሱን በማጣመር የሚገኘውን ሁለተኛውን ትውልድ ደግሞ ከየቤተሰቡ ከፋፍለው በ15፣ በ20 እና በ25 ዲግሪ ያሳድጉ። ሁለት ትውልድ መጠበቅ የሚያስፈልገው እናቲቱ በመስክ የኖረችው ኑሮ በከረጢቱ መጠንና ስንቅ በኩል በልጆቿ ላይ ስለሚያርፍ ነው፤ ይህ ተጽዕኖ ውርስ ይመስላል፣ የጂን ውርስ ግን አይደለም።

ሙቀት ቻይነትን ለመለካት ትሉን እርጥብ ወረቀት ባለበት የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አድርገው ቱቦውን በውሃ መዘፍዘፊያ ውስጥ ያቁሙ። ከ20 ዲግሪ ጀምሮ በየ5 ደቂቃው 1 ዲግሪ ይጨምሩ፤ ቴርሞሜትሩም በውሃው ውስጥ ሳይሆን በቱቦው ውስጥ ከትሉ አጠገብ ይሁን። በየዲግሪው በላባ ጫፍ ቀስ አድርገው ይንኩት። ምላሽ መስጠት ያቆመበትን ሙቀት መዝግበው ወዲያውኑ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ይመልሱት፣ በማግሥቱም ማገገሙን ይመልከቱ። አንድ ትል ከአንድ ጊዜ በላይ አይፈተን፤ የመጀመሪያው ሙቀት ሰውነቱ መከላከያ ፕሮቲኖችን እንዲያመርት ስለሚያደርግ ሁለተኛው ውጤት ከፍ ሊል ይችላል። የሚፈትነው ሰው ትሉ ከየት እንደመጣ ማወቅ የለበትም፤ በቱቦዎቹ ላይ ኮድ የሚጽፈው ሌላ ሰው ይሁን።

መብራት ሲጠፋ ሙቀቱ በድንገት እንዳይወርድ ባልዲዎቹን ውሃ በሞላ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ማስቀመጥ ይረዳል። ከዚህም በላይ የደባርቆቹን ሁሉ በአንድ ባልዲ፣ የደምቢያዎቹን ሁሉ በሌላ ባልዲ ማርባት ፈጽሞ አይገባም። እንዲያ ከሆነ የተገኘው ልዩነት የባልዲ ይሁን የዘር መለየት አይቻልም። ለእያንዳንዱ ቦታና ሙቀት በርካታ ባልዲዎች ይመድቡ፣ ቦታቸውንም በዕጣ ይደልድሉ።

ውጤቱን በግራፍ ሲያሰፍሩ አግድሙ ያደጉበት ሙቀት፣ ቁሙ የቻሉት ሙቀት ይሁን፤ ለየቤተሰቡም አንድ መስመር ይሳሉ። መስመሮቹ ሁሉ ወደ ላይ ካዘነበሉ ትሎቹ ይላመዳሉ ማለት ነው። በተመሳሳይ ሙቀት ያደጉ የደምቢያና የደባርቅ ቤተሰቦች አሁንም ከተለያዩ ልዩነቱ የሚወረስ ነው። መስመሮቹ እርስ በርስ ከተቋረጡ ወይም ዝንባሌያቸው ከተለያየ ደግሞ የመላመድ ችሎታው ራሱ ከዘር ዘር ይለያያል። ሁለቱ ቦታዎች ባይለያዩ እንኳ በአንድ ቦታ ቤተሰቦች መካከል የሚታየውን ልዩነት በቸልታ አይለፉት፤ አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ምርጫ የሚሠራበት ጥሬ ሀብት እርሱ ነው። መጠኑን ለመገመት በ20 ዲግሪ ያደጉትን ወላጆች በጥንድ አማካይ፣ በዚያው ሙቀት ያደጉትን ልጆች ደግሞ በቤተሰብ አማካይ አስቀምጠው በመካከላቸው ያለውን መስመር ያስሉ። ዝንባሌው ለዜሮ ሲቀርብ ውርሱ ደካማ፣ ወደ 1 ሲጠጋ ብርቱ ነው።

ሥራው ሲያልቅ የደባርቅን ትሎች በደምቢያ፣ የደምቢያንም በደባርቅ አይልቀቁ፤ በቤት የተዳቀሉትንና ለኮምፖስት የመጡትን ወደ ማሳ ሳይሆን ወደ ተዘጋ የኮምፖስት ሣጥን ያስገቡ።