የሚናገር ሰዓት ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

የሚናገር ሰዓት ብዙውን ጊዜ በዘመድ እጅ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። መመሪያው አብሮት አይመጣም። ቢመጣም ለዓይነ ስውር የማይነበብ ወረቀት ነው። ስለዚህ ጅማ ላይ "ተበላሽቷል" ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ከሚገባው ሰዓት ብዙው ደህና ይመስለኛል።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ "ሰቨን ኤ ኤም" ይላል

ሰዓቱ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፣ እኛ ደግሞ ከንጋት። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። እየሰሙ ማስላት የለመዱ ይተዉት። የሚምታታባችሁ ግን በእኛ አቆጣጠር ሙሉት። አሞላሉ ላይ ጥንቃቄ አለ፦ ቀኑ "ኤ ኤም"፣ ሌሊቱ "ፒ ኤም" ይሁን። ጠዋት 1 ሰዓት "ዋን ኤ ኤም"፣ ማታ 1 ሰዓት "ዋን ፒ ኤም" ካለ በትክክል ተሞልቷል። ማንቂያውንም በዚሁ ስሌት ሙሉ፤ አለበለዚያ ለሥራ ያሰባችሁት ደወል ማታ ይጮኻል። ቀን የሚጠራ ከሆነ የሚጠራው የፈረንጆቹን ነው፤ የሚለውጠውም ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል።

ጠቋሚዎቹ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ

ጠቋሚ ያለው የሚናገር ሰዓት ውስጡ ሁለት ሰዓት ነው ማለት ይቻላል። ጎኑ ላይ ያለችው ማዞሪያ ጠቋሚዎቹን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ድምፁ የሚሞላው በቁልፎቹ ነው። ሰዓት ሠሪው በዓይኑ አይቶ "ተስተካክሏል" ቢላችሁ አትመኑት፣ እዚያው ቁልፉን ተጭናችሁ አዳምጡ። ባትሪ ከተቀየረ በኋላ ድምፁ እንደገና መሞላት አለበት።

ድምፁ ይጎተታል ወይም መሀል ላይ ይቋረጣል

ባትሪው እያለቀ ነው። መናገር ጠቋሚ ከማንቀሳቀስ ይልቅ ብዙ ኃይል ይበላል። ጠቋሚዎቹ መዞራቸው ባትሪው ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም፤ ለሁለቱ የተለያየ ባትሪ ያላቸው ሰዓቶችም አሉ። ሄርማታ መርካቶ ወርዳችሁ ስትገዙ አሮጌውን ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። 2032 እና 2025 የሚባሉት ሁለቱም ባለ 3 ቮልት፣ ስፋታቸውም እኩል 20 ሚሊ ሜትር ነው። ውፍረታቸው ግን 3.2 እና 2.5 ነው። በወፍራሙ ቦታ ቀጭኑ ከገባ እየላላ ይጠፋል፣ ይበራል።

ከአውሮፓ የመጣው በ1 ወይም በ2 ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል

በሬዲዮ ሞገድ ራሱን የሚያስተካክል ዓይነት ሊሆን ይችላል። የጀርመኑ ሞገድ ፍራንክፈርት አቅራቢያ ካለው ማይንፍሊንገን ይነሳል፤ የሚደርሰው 2000 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ነው። ጅማ ስለማይደርስ ሰዓቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ይቀራል። ሆኖም በየሌሊቱ ሞገዱን ይፈልጋል፣ ባትሪም ይጨርሳል። ራስ ሰር መቀበያውን አጥፍታችሁ በእጅ ሙሉት። ገና ካልተላከ፣ ይህን ዓይነት እንዳይልኩ ለዘመድ ንገሩ።

ዝናብ መታው፣ ድምፁ ሻከረ

የጅማ ክረምት ረጅም ነው። አውልቃችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ይደር። ከሰል ምድጃ አጠገብ አታድርጉት፣ ማሸጊያው ይበላሻል።

ሳይጠየቅ ይናገራል

በየሰዓቱ እንዲናገር የሚያደርገው ቁልፍ ተነክቷል። መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ከመግባታችሁ በፊት አጥፉት።