ባቲ ገበያ ላይ ግመል ሲመርጡ

ሰኞ ባቲ ወርደው ግመል ለመግዛት ካሰቡ፣ ደላላው አፉን ሳይከፍት ሻኛውን በእጅዎ ጫን ያድርጉት። ሻኛ የውኃ ጎተራ አይደለም፤ ስብ ነው። ጠንከር ብሎ ከቆመ እንስሳው ስንቁን ይዟል። ሟሽሾ ወደ ጎን ከተኛ ረኃብ ወይም ሕመም ቀምሷል። ሻጩ «ውኃ ስላልጠጣ ነው» ካለዎት ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

በሆዱ መሙላትም አይፍረዱ። ግመል ከክብደቱ ሩብ ያህል ውኃ አጥቶም መቆም ይችላል፤ ሲያገኝ ደግሞ በጥቂት ደቂቃዎች ከ100 ሊትር በላይ ይጠጣል። ሞላላ የደም ሴሎቹ ይህን ሁሉ ውኃ ሳይፈነዱ ይችሉታል። እናም ጎኑ የተነፋው ዛሬ ጠዋት ውኃ ጠጥቶ ይሆናል።

ሙቀቱን በማለዳ ይለኩ። የተጠማ ግመል ላቡን ለመቆጠብ ሰውነቱን ሌሊት ወደ 34 ዲግሪ አውርዶ ከሰዓት በኋላ እስከ 40 ድረስ እንዲግል ይተወዋል። ስለዚህ የከሰዓት ግለት አያስደንግጥዎ፤ በማለዳ የሚግለውን ግን ይለፉት።

ከዚያ ያንበርክኩት። ደረቱ ላይ ያለው ደንዳና ቆዳ ሆዱን ከጋለ መሬት ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ እዚያ ላይ ቁስል ካዩ ገንዘብዎን ወደ ኪስዎ ይመልሱ። ሽፋሽፍቱንና የሚዘጋ አፍንጫውን ሁሉም ያደንቃል፤ እኔ እግሩን አያለሁ። ሰፊው ልስልስ መርገጫ ለአፋር አሸዋ እንጂ ለክረምት ጭቃ አልተሠራም፣ ያንሸራትተዋል። የደሴ ሰው ምክር ከጠየቀኝ በቅሎ ግዛ እለዋለሁ።