ፈተናን ስንዋጋ የምንሳሳትባቸው ቦታዎች

ብዙ አማኝ ስለ ፈተና ማሰብ የሚጀምረው ድርጊቱ ሊፈጸም ደቂቃ ሲቀረው ነው። ያን ጊዜ ግን ነገሩ ብዙውን ጊዜ አልቋል። ውጊያው የሚወሰነው ቀደም ብሎ፣ ሐሳቡ ገና ደጅ ላይ ሳለ ነው፤ አለዚያም ዘግይቶ፣ የወደቀ ሰው ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር በሚመርጥበት ሰዓት ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ሰዓቱን ከመሳት የሚመጡ ናቸው።

የሐሳቡን መምጣት ከኃጢአት መቁጠር

ጌታ ራሱ በሁሉ ተፈትኗል፤ ኃጢአት ግን አልሠራም (ዕብራውያን 4፥15)። ስለዚህ መፈተንና መበደል ሁለት ነገር ናቸው። ያዕቆብም በ1፥14-15 ምኞት እንደሚስብ፣ እንደሚፀንስ፣ ከዚያም ኃጢአትን እንደሚወልድ ይናገራል። በፅንስና በልደት መካከል ጊዜ አለ።

የጥንት የበረሃ አባቶች ይህን ጊዜ በደረጃ ከፋፍለውታል፦ ሐሳቡ ብልጭ ይላል፤ ሰው ከእሱ ጋር ወግ ይጀምራል፤ ልቡ እሺ ይላል፤ ይማረካል፤ በመጨረሻም ነገሩ ልማድ ይሆናል። አንድ ምሳሌ እንይ። ሌሊት አልጋ ላይ ሆነው የሥራ ባልደረባ የወረወረው ቃል ትዝ ይልዎታል። ይህ ብልጭታ ነው፤ አያስጠይቅም። «እንዲህ ብዬ በመለስኩለት ኖሮ» ብለው መልስ ማሰናዳት ሲጀምሩ ወጉ ተጀምሯል። መልሱ ተስሎ፣ ሰውዬው በሰው ፊት ሲዋረድ በዐይነ ኅሊናዎ ታይቶዎት ደስ ሲልዎ ልብ እሺ ብሏል። ጠዋት ሲያገኙት ሰላምታዎ ከቀዘቀዘ ልጁ ተወልዷል ማለት ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እንግዲህ በአንደኛውና በሁለተኛው ደረጃ መካከል ነው። ብልጭታውን እንደ በደል የሚቆጥር ሰው «አንዴ ረክሻለሁ» ብሎ ቀሪውን በር ራሱ ይከፍታል።

ከፈታኙ ጋር መከራከር

ሔዋን ክርክር ገጠመች፤ እግዚአብሔር ስለ ዛፉ ከተናገረው በላይም «አትንኩትም» የሚል ጨምራ መለሰች (ዘፍጥረት 3፥3)። ጌታ በምድረ በዳ የሰጣቸው ሦስት መልሶች ግን አጫጭር ናቸው፤ ሦስቱም ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 እና 8 የተወሰዱ ናቸው። ልብ ይበሉ፣ ዲያብሎስም መዝሙር 91ን ጠቅሷል። ጥቅስ ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ጥቅሱ በየትኛው ፈተና ላይ እንደሚውል አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

በተግባር፦ አዘውትሮ የሚጥልዎትን አንድ ነገር ይለዩ። ለእሱ የሚሆኑ ሁለት ወይም ሦስት አጫጭር ጥቅሶች መርጠው በቃልዎ ይያዙ፤ በአንድ ትንፋሽ የማይባለውን ይተዉት። ሐሳቡ ሲመጣ ጥቅሱን ድምፅ አውጥተው ይበሉና ወዲያው ወደ ሌላ ሥራ ይለፉ። ቆመው «ሄደ ወይስ አልሄደም?» እያሉ ማዳመጥ ራሱ ወግ ነው።

የሚሸሸውን መጋፈጥ፣ የሚጋፈጡትን መሸሽ

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ትጉህ የሚባሉ ሰዎች ሳይቀሩ የሚሳሳቱበት ነውና። ፈተና ሁሉ በአንድ ዘዴ አይመከትም።

የዝሙት ፈተና ይሸሻል። ጳውሎስ ያዘዘው «ሽሹ» ብሎ ነው (1ኛ ቆሮንቶስ 6፥18)። ዮሴፍም ልብሱን በሴትዮዋ እጅ ትቶ ወደ ውጭ ሮጠ እንጂ ቆሞ ስለ ንጽሕና አላስተማረም። «ጠንካራ ነኝ፣ ስልኩን አጠገቤ አድርጌ ልተኛ» የሚል ሰው እሳት በብብቱ እየታቀፈ ነው። መፍትሔው መንፈሳዊ አይመስልም፣ ግን ይሠራል፦ ስልኩ ሌሊቱን ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር።

ሐኬት፣ ማለትም ጸሎትንና ሥራን የሚያስጠላ መንፈሳዊ ስንፍና፣ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ399 በግብፅ ያረፈው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ ይህን ፈተና «የቀትር ጋኔን» ይለዋል። መነኩሴውን ከቀኑ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ 8 ሰዓት ይከብበዋል፤ የእርሱ አቆጣጠር እንደኛው ከፀሐይ መውጫ የሚጀምር ስለሆነ ሰዓቱን መመንዘር አያስፈልግም። ፀሐይዋን የቆመች ያስመስላታል፤ ቀኑን የ50 ሰዓት ያህል ያረዝመዋል። መነኩሴው በመስኮት ያያል፣ ይወጣል፣ የምግቡ ሰዓት 9 ምን ያህል እንደቀረው ፀሐይዋን ይለካል። ከዚያ ቦታውን ይጠላል፤ «እዚህ ፍቅር የለም፣ ሌላ ቦታ ብሄድ ይሻለኛል» ይላል። ይህን ያነበበ ሁሉ የራሱን ረፋድ ያውቀዋል። በዚህ ጊዜ መሸሽ ራሱ መሸነፍ ነው፤ መድኃኒቱ በቦታው መቆየት ነው። ጸሎት ሲሰለች ቤተ ክርስቲያን መቀያየር፣ ማኅበር መልቀቅ፣ አዲስ መምህር መፈለግ አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ፈተና ሥራ ነው። የጀመሩትን ትንሽ ሥራ ጨርሰው ይነሡ፤ ትልቅ ውሳኔ በዚያ ስሜት ውስጥ ሆነው አይወስኑ።

ሥጋን መርሳት

ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር አልገሠጸውም፤ መጀመሪያ አስተኛው፣ በመልአክ እጅ ሁለት ጊዜ መገበው (1ኛ ነገሥት 19)። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከ40 ቀን መንገድ በኋላ ነው። ፈታኙም ወደ ጌታ የቀረበው ከተራበ በኋላ ነው።

ለ2 ሳምንት በትንሽ ማስታወሻ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ፈተናው የመጣበትን ሰዓት፣ ቦታውን፣ ከእሱ በፊት የሆነውን ነገር። አብዛኛው ሰው ሁልጊዜ እንደሚፈተን ያስባል፤ ጽፎ ሲያየው ግን ሁለት ወይም ሦስት የታወቁ ሰዓቶች ሆነው ያገኛቸዋል፤ ከጠብ በኋላ፣ እንቅልፍ ያጣ ለታ፣ ብቻውን ሲያመሽ። ጥበቃው እዚያ ላይ ይጠናከር። ኀዘኑ ለሳምንታት ካልለቀቀ፣ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ደግሞ ሳይዘገዩ ሐኪም ማየት ይገባል። ሐኪም ጋ መሄድ የእምነት ማነስ አይደለም።

ንጹሕ እስክሆን ልቆይ ማለት

ይህ ከሁሉም የከፋው ይመስለናል። «ከወደቁ ወዲያ መንፈራገጥ ለመላላጥ» የሚለው ተረት ለሌላ ነገር ይሠራ ይሆናል፤ ለንስሐ ግን አይሠራም። ይሁዳም ጴጥሮስም በአንድ ሌሊት ወደቁ፤ ሁለቱም ተጸጸቱ። ልዩነቱ ጴጥሮስ እያለቀሰም ከወንድሞቹ ጋር መቆየቱ ነው፤ ይሁዳ ብቻውን ሄደ።

ከወደቁ በኋላ ያለችውን አንዲት ሰዓት እንዲህ ይጠቀሙባት። በቅድሚያ ወዲያው ይጸልዩ፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፣ መዝሙር 51ን መክፈት ከቻሉም መልካም። በደሉን በስሙ ይጥሩት፦ «ደክሜያለሁ» ሳይሆን «ዋሽቻለሁ»፣ «ሰርቄያለሁ»። የሚመለስ ነገር ካለ ይመልሱ፤ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። ከዚያ ለንስሐ አባትዎ ወይም ለመጋቢዎ ቀን ሳይቆይ ይንገሩ። ሳምንት ያለፈው ኑዛዜ እየተለሳለሰ፣ እየተቀባባ ይሄዳል።

ለማን እንደሚነገርም ይታሰብበት። በእምነት የሸመገለ፣ ምስጢር የሚጠብቅ፣ ሰምቶ የማይደነግጥ አንድ ሰው ይበቃል። ለማንም አለመንገር ብቸኝነት ነው፤ ለሁሉ መንገር ደግሞ ወሬ ነው።

በአንድ ጊዜ ብዙ መሳል

በጸጸት ሙቀት «ከነገ ጀምሮ በየቀኑ 2 ሰዓት እጸልያለሁ» የሚል ስእለት ከሳምንት አያልፍም፤ ሲፈርስም ከመጀመሪያው ውድቀት በላይ ተስፋ ያስቆርጣል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት የሚደረግ የ10 ደቂቃ ጸሎት ይጀምሩና ሳያቋርጡ 40 ቀን ያቆዩት፤ ከዚያ መጨመር ይቻላል። የተጠረገ ባዶ ቤት ሰባት ሌሎች መናፍስት እንደሚመጡበት ማቴዎስ 12፥43-45 ያስጠነቅቃል። የተዉትን ነገር ሰዓት በምን እንደሚሞሉት ካላወቁ፣ መተዉ ብቻውን አይዘልቅም።

ከድል በኋላ ትጥቅ መፍታት

ሉቃስ 4፥13 ዲያብሎስ ከጌታ የተለየው «እስከ ጊዜው» መሆኑን ይነግረናል። ዳዊትም የወደቀው በሳኦል ሲሳደድ ሳይሆን ሠራዊቱን ልኮ በኢየሩሳሌም በተቀመጠበት ወቅት ነው። ፈተና መጥፋቱን እንደ ዕድገት መለኪያ የሚወስድ ሰው ሁለት ጊዜ ይታለላል፤ ሲጠፋ ይኮራል፣ ሲመለስ «እምነቴ ውሸት ነበር» ይላል። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መውጊያው ግን ቀረ፤ ጸጋው እንደሚበቃው ተነገረው።

ዕድገት የሚታየው በሌላ ቦታ ነው፦ ሐሳቡን ወግ ሳይጀመር የሚያስተውሉበት ጊዜ ሲበዛ፣ በውድቀትና በመነሣት መካከል ያለው ጊዜ ከሳምንት ወደ ሰዓት ሲያጥር፣ በዚያው ኃጢአት የወደቀ ሌላ ሰው ሲያዩም ምላስዎ ለመፍረድ እንደ ድሮው ካልፈጠነ።