የተራራውን ስብከት ታክሲ ሰልፍ ላይ ማሰላሰል

ብዙዎቻችን የተራራውን ስብከት፣ ማለትም ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 እስከ 7 ያለውን፣ በአንድ ቁጭታ እናነብና "ደስ ሲል" ብለን እንዘጋዋለን፣ አለቀ። 111 ቁጥር እኮ ነው፣ በአንዴ የሚዋጥ አይደለም። እኔ የምለው አንድ ቁጥር ብቻ ይዛችሁ ከቤት ውጡ። ከኮዬ ፈጬ ወይ ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሀል ከተማ የሚመላለስ ሰው መቼም ሰልፍ ላይ ጊዜ አያጣም፣ ስልኩ ላይ ቁጥሯን ሁለት ሶስቴ ያንብባትና ስልኩን ኪሱ ከቶ (ሌባም አለ) "ይሄ ነገር ዛሬ ማንን ይመለከታል?" ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ የሰው ስም መሆን አለበት። "ሰውን ሁሉ መውደድ አለብኝ" ካላችሁ ገና አልጀመራችሁም።

ለምሳሌ 5፥23-24። መባህን ስታቀርብ ወንድምህ የተቀየመብህ ነገር ትዝ ካለህ መባህን እዛው ትተህ መጀመሪያ ሂድና ታረቅ ይላል። ልብ በሉ፣ አንተ የተቀየምከው አላለም፣ እሱ ባንተ የተቀየመውን ነው። እኛ ግን የበደሉንን ቆጥረን "ይቅር ብያለሁ" ብለን እንገላገላለን። ደሞ ሰሚዎቹ ያሉት ገሊላ ነው መሠዊያው ደግሞ ኢየሩሳሌም፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ፣ አዳማ ከደረሱ በኋላ "ለካ ጎረቤቴ አዝናብኛለች" ብሎ አዲስ አበባ በእግር እንደመመለስ በሉት። እና ኮንዶሚኒየም ላይ ያሰጣችሁት ልብስ ተንጠባጥቦ የታችኛዋን ሴትዮ በርበሬ ካበላሸባት እሁድ ቤተክርስቲያን ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ፎቅ መውረድ ነው። ስትወርዱ "ውሃው ሌሊት ስለሚመጣ ነው እኮ" እያላችሁ አታስረዱ። "በርበሬሽን አበላሸሁብሽ፣ ልተካልሽ" በቂ ነው። ግብር ሰብሳቢው ዘኬዎስም ይቅርታ ብቻ አይደለም ያለው፣ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው።

5፥37 ደግሞ ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን የሚለው፣ ለኛ ሰፈር ሰው ይከብዳል ሃሃ። ገና ጫማ እያሰረ "ሳሪስ ደርሻለሁ" የማይል ማነው? አንድ ቀን ያላችሁበትን በትክክል ተናገሩ እስቲ።

አንድ ጥንቃቄ ግን። ሌላውን ጉንጭ አዙር የሚለውን ባሏ ለሚደበድባት ሴት "ቻይው" ለማለት የሚጠቀሙበት አሉ፣ እሱ ያናድደኛል። ኢየሱስ ራሱ ሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ "ስለ ምን ትመታኛለህ?" ብሎ ጠይቋል (ዮሐንስ 18፥23)። ማቴዎስ 18ም የበደለህን ብቻህን ንገረው፣ ካልሰማ ሰው ይዘህ ሂድ፣ እምቢ ካለ ለቤተክርስቲያን ንገር ይላል፣ ነገሩን ዋጠው አይልም። ከሚመታ ሰው ጋር ደግሞ ብቻ ለብቻ መነጋገር ሳይሆን መጀመሪያ ከዛ ቤት መውጣት ነው የሚቀድመው።

የሠራችሁትን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉት፣ 6፥3 ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ይላል። ማታ ላይ ስሙን የጠራችሁት ሰው ጋር ካልደረሳችሁ ነገም ያችኑ ቁጥር ይዛችሁ ውጡ፣ ምዕራፍ 6 የትም አይሄድም።