ክብደት ብቻ አይናገርም፦ የአመጋገብ መዛባትን ለይቶ ማወቅና መርዳት

«ኧረ እሷ ደህና ናት፣ መቼ ከሳች?» ብዙ ቤተሰብ ወራት የሚያባክነው በዚህ አባባል ነው። ቡሊሚያ (አብዝቶ በልቶ በማስመለስ ወይም በሌላ መንገድ ለማካካስ የመሞከር ሕመም) ወይም እንዲህ ሳያካክስ ከቁጥጥር ውጭ አብዝቶ የመብላት ሕመም ያለበት ሰው ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛ ወይም ከዚያ በላይ ነው። አኖሬክሲያም (መወፈርን እየፈሩ ራስን ከምግብ የመከልከል ሕመም) ቢሆን ወፍራም የነበረ ሰው ላይ ሊጀምር ይችላል፦ በጥቂት ወራት ብዙ ኪሎ ይጥላል፣ ምግብ ያስፈራዋል፣ የልብ ምቱ ይዘገያል፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ቁጥሩ አሁንም «ጤናማ» ነው። ወዳጅ ዘመድ ደግሞ «አማረብህ!» ይለዋል። ወንዶችና ጎልማሶች ላይማ ማንም አይጠረጥርም፤ ሕመሙ ይይዛቸዋል፣ የሚታወቅላቸው ግን ዘግይቶ ነው።

ስለዚህ ልማዱን ይከታተሉ። ለሁሉም አብስሎ ያቀርባል፣ ራሱ ግን ምግቡን ከሳህኑ ዳር ወደ ዳር ያንቀሳቅሳል። «ውጭ በልቻለሁ» ማለት ያበዛል። መጀመሪያ ጣፋጭ፣ ቀጥሎ ዘይት፣ ቀጥሎ ዳቦ እያለ አንድ በአንድ ይተዋል። ከምግብ በኋላ ወዲያው መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውኃ ከፍቶ ይቆያል፤ ጉንጩ ከመንጋጋው ጫፍ፣ ከጆሮው ሥር ያብጣል። ታሞም ሆነ ተጎድቶ ስፖርቱን አይተውም። ሁልጊዜ ይበርደዋል። ሴት ከሆነች የወር አበባ መቅረቱ ምልክት ነው፤ አለመቅረቱ ግን ማረጋገጫ አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን መስፈርት በ2013 ከአኖሬክሲያ መለያዎች አውጥቶታል።

ለመጀመሪያ ማጣሪያ በ1999 በብሪታንያ የወጡ አምስት ጥያቄዎች አሉ። ሐሳባቸው ይህ ነው፦

1. ከልክ በላይ ጠግበው ሲጨንቅዎ ሆን ብለው ያስመልሳሉ?
2. የሚበሉትን መጠን መቆጣጠር አቃተኝ ብለው ይሰጋሉ?
3. ባለፉት 3 ወራት ከ6 ኪሎ በላይ ቀንሰዋል?
4. ሌሎች ቀጭን ነህ እያሉዎት እርስዎ ወፍራም ነኝ ብለው ያምናሉ?
5. ምግብ ሕይወትዎን ተቆጣጥሮታል ማለት ይቻላል?

ሁለትና ከዚያ በላይ «አዎ» ካለ ባለሙያ ጋ መሄድ ያስፈልጋል። ሁሉም «አይ» ቢሆንም ነፃ ነው ማለት አይደለም። መልሱ ሊደበቅ ይችላል፤ ደግሞም ስለ ክብደቱ ምንም ሳይጨነቅ፣ የምግቡን ሽታና ልስላሴ መቋቋም ስላቃተው ወይም ያንቀኛል ብሎ ስለፈራ ብቻ የማይበላ ሰው አለ። እነዚህ ጥያቄዎች አያገኙትም።

ከሁሉ የከፋው የተሳሳተ ግምት «ወኔ ማጣት ነው፣ ቢወስን ይተወዋል» የሚለው ነው። በ1944 እና 1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤናማ ወንድ ፈቃደኞች ለስድስት ወር ያህል ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀነሰ። ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ያስቡ፣ የምግብ አዘገጃጀት ጽሑፍ ይሰበስቡ፣ ይነጫነጩ፣ ይተክዙ ጀመር። ምግብ ሲፈቀድላቸው መጥገብ ያቃታቸው ነበሩ። ረሃብ ራሱ አእምሮን እንዲህ ያደርጋል። ስለዚህ «መጀመሪያ ሐሳቡ ይስተካከል፣ ከዚያ ይበላል» ብሎ መጠበቅ አያዋጣም፤ አእምሮው የሚረጋው ሰውነቱ ምግብ ሲያገኝ ነው።

አብዝቶ መብላትም ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚሁ ነው። ቀን ራሱን ሲከለክል የዋለ ሰው ማታ መቆም ያቅተዋል፤ ያፍራል፤ «ነገ አልበላም» ይላል፤ ነገም ማታው ያው ይሆናል። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ጠዋት ላይ ነው። በቀን 3 ዋና ምግብና 2 ወይም 3 መክሰስ፣ በመካከላቸው ከ4 ሰዓት ያልበለጠ ክፍተት፣ ቢርብም ባይርብም በሰዓቱ። ትላንት ማታ ከቁጥጥር ውጭ ከሆነ የዛሬው ቁርስ አይዘለልም፣ አይቀነስም። ለታማሚው ከሁሉ የሚከብደው ይህቺ ቁርስ ናት፤ ስለዚህ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ቢኖር ይመረጣል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ከ5 ቀን በላይ ምንም ወይም እጅግ ጥቂት የበላ፣ ወይም በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ የጣለ ሰው ፊት ሳህን ሞልቶ ማቅረብ አደገኛ ነው። ምግቡ በድንገት ሲገባ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ይወርዳል፤ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት መጠን ሐኪም ይወስን፣ ደሙም እየተመረመረ ይሁን።

ማስመለስም ሆነ የሚያስቀምጥ መድኃኒት «የተበላውን ያጠፋል» የሚባለው ትክክል አይደለም። የሚያስቀምጠው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ሲሆን፣ ምግቡ ከዚያ በፊት ትንሹ አንጀት ላይ ተመጥጧል። ሚዛን ላይ የቀነሰው ውኃ ነው፤ አብሮት የሚሄደው ፖታሲየም ደግሞ የልብን ምት ያዛባል። ያስመለሰ ሰው ወዲያው ጥርሱን አይቦርሽ፤ አሲድ ያለሰለሰውን የጥርስ ሽፋን ብሩሹ ይፍቀዋል። በውኃ ተጉመጥምጦ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ።

ንግግሩን በምግብ ሰዓት አይጀምሩት፤ ቤተሰቡን ሰብስበውም አይክበቡት። ለብቻችሁ ሆናችሁ ያዩትን ብቻ ይንገሩት፦ «በዚህ ሳምንት ሦስት ቀን ከእራት ቀረህ፤ ትላንትም ሲያዞርህ አይቻለሁ፤ አሳስቦኛል።» «ብላ እንጂ!» አይረዳም። «ተመስገን፣ ወዝ ወዝ አልክ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ እሱ የሚሰማው «ወፈርክ» ተብሎ ነው። ይክዳል፤ ይቆጣም ይሆናል። ከጥቂት ቀን በኋላ በዚያው በረጋ ድምፅ ይመለሱበት። ታዳጊ ከሆነ ምን፣ መቼ፣ ስንት እንደሚበላ ለጊዜው ወላጆች ይወስናሉ፤ ማዕዱ ላይ ስለ ሌላ ነገር ይወራል፤ ከምግብ በኋላም ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻውን አይተዉትም። ይህ ወላጆችን ጥፋተኛ ማድረግ አይደለም፤ የዘር ተጋላጭነት ትልቅ ድርሻ አለው።

ሐኪም ጋ ሲቀርቡ ተኝቶና ቆሞ የልብ ምትና የደም ግፊት፣ የሰውነት ሙቀት፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ፖታሲየምና ፎስፌት እንዲታዩ ይጠይቁ። የደም ውጤቱ ደህና ቢሆንም ሕመሙ የለም ማለት አይደለም፤ ሰውነት እስከ መጨረሻው ድረስ ሚዛኑን ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ራሱን ከሳተ፣ ደረቱን ካመመው፣ ልቡ ከተዛባበት፣ ግራ ከተጋባ፣ ደም ካስመለሰ፣ ውኃም እምቢ ካለ ወይም መሞትን ካነሣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳይተዉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ገና በር ላይ ስንት ቀን እንዳልበላ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያስመልስና ምን መድኃኒት እንደወሰደ ይናገሩ፤ ዝም ካሉ መልኩን ብቻ አይተው ተራ ሊያስጠብቁት ይችላሉ።