የቮልስ ካርቡራተር ሲያስቸግር፦ ከመፍታታችሁ በፊት ቁጥሩን አንብቡ

አሮጌ ቮልስ ያለው ሰው ይህን ታሪክ ያውቀዋል። ጠዋት በስንት ልመና ትነሳለች፣ መብራት ላይ ቀጥ ትላለች፣ ከኋላ ያለው ሚኒባስ በክላክስ ያደነቁራችኋል። መካኒኩ ካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ) ፈትቶ በቤንዚን ያጥብና ይመልሰዋል። ሳምንት ትሄዳለች፣ ከዚያ ያው ናት። ማጠብ መፍትሄ የሚሆነው ችግሩ ቆሻሻ ከሆነ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ አይደለም።

መጀመሪያ የተገጠመላችሁ ምን እንደሆነ እወቁ። የካርቡራተሩን ጎን በጨርቅ ጥረጉት፣ አካሉ ላይ የወጣ ጽሑፍ አለ፦ ሶሌክስ 28 ፒክት፣ 30 ፒክት 1፣ 34 ፒክት 3 የመሳሰለ። የፊተኛው ቁጥር የጉሮሮውን ስፋት በሚሊሜትር ይናገራል። በአብዛኛው 28ቱ የ1200 ሞተር ነው፣ 30 ፒክት 1 የ1300ና የ1500፣ 34 ፒክት 3 ደግሞ በፈረንጆቹ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ የመጣው የ1600። ብሮሶል ካለ ብራዚል የተሠራ ነው፣ ቦካር ካለ ሜክሲኮ። ሁለቱም ደህና ናቸው። የጀርመኑ ኦሪጅናል ግን እየጠፋ ነው፣ ስለዚህ "ይሄ አብቅቶለታል፣ አዲስ ግዛ" ሲሏችሁ አሮጌውን ትታችሁ እንዳትሄዱ። ያረጀ ኦሪጅናል በደንብ ከታደሰ ርካሽ ኮፒን ያስንቃል ባይ ነኝ።

እኔ ራሴ ተሸውጃለሁ። የኔዋ የ1967 ሞዴል ናት፣ ባለ 1500። አንድ ጋራዥ (ስሙ ይቅር) "ጉልበት ይጨምርልሃል" ብሎ 34 ገጠመላት። የ34ቱ ቀዳዳ ከታች ካለው ቱቦ ቀዳዳ ይሰፋል፣ መሃል የሚገባ አስማሚ ካልተደረገለት በቀር አይገጥምም፤ እሱ ግን ሲሊኮን ለጥፎ አሰረው። ሁለት ወር ሙሉ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጣት ቆማ የምትዞርበትን ልክ) ስናስተካክል ከረምን። የድሮው 30 ከቡሎን ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ተጥሎ ተገኘ።

ሚኒሞ አትይዝም፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ትላለች

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፣ ብዙው ጣጣ ያለው እዚህ ነው። ነዳጅ ስትሰጡ የምትከፈተዋ ክብ ሳህን በአንድ ቀጭን ዘንግ ላይ ነው የምትዞረው። ዘንጓ በስንት ዓመት የካርቡራተሩን አካል ትበላዋለች፣ በተበላው በኩል ያልተፈለገ አየር ይገባል። ሞተሩን አጥፉና ዘንጓን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቋት። ከተንቀጫቀጨች አገኛችኋት። ለማረጋገጥ በሁለቱም ጫፍ ወፍራም ግራሶ ለጥፉና አስነሷት። ሚኒሞዋ ከተረጋጋ ጥፋተኛዋ ዘንጓ ናት። ቤንዚን እየረጩ የሚፈትሹ አሉ፣ በጋለ ሞተር ላይ እንዳትሞክሩት።

መፍትሄው ቶርኖ ቤት ነው። የታችኛው አካል ቀዳዳ ሰፋ ተደርጎ ይበሳና የናስ ቡሽ ይገባበታል። ማጠብ፣ ቪቴ ማዞር፣ ጋስኬት መቀየር እዚህ ላይ ምንም አይፈይዱም። ሲመለስ 30 ፒክት 1 ላይ የድብልቋን ቪቴ ቀስ አድርጋችሁ ዝጉ (ካጠበቃችኋት ሹል ጫፏ ይበላሻል)፣ አንድ ዙር ተኩል ክፈቱና ከዚያ እያዳመጣችሁ አስተካክሉ። 34 ላይ ደግሞ ሚኒሞ የሚስተካከለው በጎኑ ባለችው ትልቋ የአየር ቪቴ ነው። የነዳጅ ገመዱ የታሰረበት እጀታ ላይ ያለችውን አትንኳት።

እግር ሲነሳ ድርግም ትላለች

ጎኑ ላይ አንድ ሽቦ የሚሰካባት ክብ ቫልቭ አለች። ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተር ግን አታስነሱ። ሽቦውን ነቅላችሁ መልሳችሁ ስታስነኩት "ቀጭ" ማለት አለባት። ዝም ካለች ወይ መብራት አልደረሳትም ወይ ተቃጥላለች። 6 ቮልት ይሁን 12 ላይዋ ላይ ተጽፏል፣ ሳታነቡ አትግዙ። ቀጭ ብላም ከጠፋች የሚኒሞዋ ቀዳዳ ተደፍኗል። በሽቦ አትጎርጉሩት፣ ቀዳዳው ከሰፋ አይመለስም። ጎሚስታ ቤት ሄዳችሁ በአየር አስነፉት፣ እምቢ ካለ የማሲንቆ ጭራ የሚያህል የፈረስ ፀጉር ይበቃዋል።

ነዳጅ ስትሰጡ መጀመሪያ ታንቃ ትቆያለች

ሞተር አጥፉ፣ የአየር ማጣሪያውን አንሱ፣ ጉሮሮውን ከላይ እያያችሁ እጀታውን ሳቡ። ከቀጭኗ የናስ ቱቦ ቤንዚን ቀጥ ብሎ መፍሰስ አለበት። ካላፈሰሰ ነዳጅ ስትሰጡ ቤንዚን የምትረጨው የካርቡራተሩ ትንሽ ፓምፕ ዲያፍራም (ስስ ሽፋኗ) ደርቋል ወይ ተቀዷል። አዲሱን ስታስሩ የፓምፑን እጀታ እስከ መጨረሻው ተጭናችሁ ይዛችሁ ነው አራቱን ቪቴዎች የምታጠብቁት፣ አለዚያ ዲያፍራሙ ተወጥሮ ቶሎ ይቀደዳል። ፓምፑ ደህና ሆኖም ከታነቀች ስፒንተሮጂኖውን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) እዩ። ቦሽ 009 የሚባለው ከ34 ፒክት 3 ጋር ሲገጠም በዚህ ጠባዩ የታወቀ ነው።

ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ

በቅድሚያ የሞተር ዘይቱን አሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን ካለ አትንዷት፣ ዘይት ቀይሩ። ቤንዚን የምትዘጋዋ መርፌ አልዘጋ ብላ ይሆናል፣ ወይም ከሥሯ ያለችው ቀለበት በሌላ ውፍረት ተቀይራ ቤንዚኑ ከልኩ በላይ ሞልቷል። ቾኩንም (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን የሚያጠበውን) እዩት፦ ሞተሩ ከተነሳ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የላይኛዋ ሳህን ቀጥ ብላ መቆም አለባት።

እግረ መንገዳችሁን ቤንዚን የሚገባባትን የናስ ቱቦ ጎትታችሁ ፈትሹ። ክዳኑ ላይ ተጨፍልቃ የገባች እንጂ በጥርስ የታሰረች አይደለችም፣ ስታረጅ ትነቀላለች። ስንት ቮልስ በዚች ቱቦ ተቃጥሏል። የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ስላለበት አንዴ ከተያያዘ ማጥፋቱ መከራ ነው።

ሁሉ ነገር ደህና ሆኖ ጭሱ ካልቀረ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለጠረፍ የተለካ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል። ከታች ያለችውን መዝጊያ ቡሎን ፍቱና ዋናዋን የናስ ቀዳዳ (ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍባትን) አውጥታችሁ ቁጥሯን አንብቡ፣ 125 ከሆነች 120 ሞክሩ። የወጣችውን ግን አትጣሏት። ወደ አዋሽ ስትወርዱ ትንሿ ቤንዚን ታሳንሳለች፣ ይቺ ሞተር ደግሞ ውሃ የላትም፣ ቤንዚን ሲያንሳት ትግላለች፣ ቫልቭም ታቃጥላለች። የኔዋ 125 በጨርቅ ተጠቅልላ ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ ናት፣ አዳማ ላይ ማኪያቶ እስኪመጣ እቀይራታለሁ።